መልሱ ሙሉ ቁጥር እንዲወጣ

የሲሳይ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም። እንዴት እንደሰነበትክ አውቃለሁ፤ ተኝተህ ነው። ያልተኛሁት እኔ ነኝ። ከተለያየን ይኸው መንፈቅህ ደረሰ። ባለፈው የንስሐ አባታችን መጥተው «ለመንፈቁ ምን አስበሻል?» ሲሉኝ፣ «ጸሎቱ ትንሽ ይቆየው፣ መጀመሪያ እኔ የምነግረው አለኝ» አልኳቸው። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሹልክ አሉ። ሰፈሩ ምላሴን እንደሚፈራ ታውቃለህ። አንተ ራስህ «አንቺን ሲሠራ ከአፍሽ ነው የጀመረው፣ ሌላውን ደክሞት ነው የጨረሰው» ትለኝ አልነበር? ይኸው ያንን አፍ ዛሬ ወረቀት ላይ አወረድኩት። ፊደሌ ጠማማ ነው ብለህ እንዳትስቅ። መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ ከክር ፋብሪካው እየሮጥኩ ወጥቼ፣ ጥጡ ፀጉሬ ላይ እንዳለ የለቀምኩት ፊደል ነው። አንተ አላስተማርከኝም። ከዊንጌት ጀምሮ እስከ ዳገቱ አናት ላለው ለሰው ልጅ ሁሉ ጊዜ ነበረህ፤ ለኔ ሲሆን «ቆይ ኋላ» ነበር። ኋላው ይኸው መጣ።

መጀመሪያ ቤቱን ልንገርህ። የጓዳው ጣራ ተቀዶ ክረምቱን ሲያንጠባጥብ ከርሞ፣ ኑርዬ ባለሱቁ ወጥቶ በሬንጅ ደፈነልኝ። ደግ ጎረቤት ነው። እኔ ግን ፊቱን ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ለምን እንደሆነ ወደታች ታገኘዋለህ። ሬዲዮኑን ዘግቼዋለሁ። ማርሽ ይመታል፣ ከዚያ ድል ተገኘ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ተጨማሪ ልጅ ይጠራል። ድል ከተገኘ ልጁ ለምን እንደሚጠራ የሚያስረዳኝ አጣሁ። ኮትህን ለእድሩ ጥሩንባ ነፊ ሰጠሁት፤ ሰፍቶት እንደ ካህን ይጎትተዋል። ጫማህን ግን ለማንም አልሰጠሁም። ስላንተ ብዬ እንዳይመስልህ። የሲሳይ እግር ያንተን ሊያክል አንድ አውራ ጣት ነበር የቀረው፤ ሲመለስ ልክ ይሆነዋል።

ሲመለስ አልኩ። ስለ ልጃችን የማውቀውን ልንገርህና ይብቃ፤ ከማሠልጠኛው ወደ ሰሜን ተጫነ። ሌላ ወሬ የለም። ከእሱ ጋር የሄደ የታች ሰፈር ልጅ እጁ በፋሻ ታስሮ በሕመም ፈቃድ መጥቶ ነበር፤ «ሲሳይ ደህና ነው፣ በረኛ አድርገነዋል» አለኝ። እዚያም ኳስ አለ ማለት ነው። ያንን ወሬ እንደ ከረሜላ ስመጠው ሰነበትኩ።

የፊተኛው ክፍል ግድግዳ ላይ የባትሪ ድንጋይ ፈጭተህ የቀባኸው ሰሌዳም እንዳለ ነው። ተማሪዎችህ አይመጡም። ጠመኔህ በወተት ቆርቆሮው ውስጥ ነው። አንዱን ግን ጨርሼዋለሁ፤ እሱንም እነግርሃለሁ።

እነዚያ የቅዳሜ ከሰዓቶች ትዝ ይሉሃል? ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጁት ልጆች አግዳሚው ላይ ተጣብቀው፣ አንተ ጠመኔ ይዘህ፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሽሮ እያማሰልኩ። የምታስተምረው እነሱን ነበር፤ መጋረጃ ደግሞ ድምፅ አይከለክልም። «የማታውቁትን ነገር መጀመሪያ ስም ስጡት። ኤክስ በሉት። ሰው በስሙ ሲጠራ አይደል እንዴ የሚመጣው?» ትላቸዋለህ። እኔ እዚያ ቆሜ፣ ሽሮው እየተንተከተከ፣ ኤክስ በሩን ከፍቶ ሲገባ ይታየኝ ነበር፤ ቀጭን፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው።

ስታስተምር ታምርብህ ነበር፣ አልዋሽም። ቅንፍ ሲመጣ ልጆቹ ሁሉ ይደናበራሉ። አንተ ታዲያ «ቅንፍ ማለት ቤት ነው» ትላለህ። «ደጅ የቆመው ቁጥር እንግዳ ነው። ጨዋ እንግዳ ገብቶ አባወራውን ብቻ ሰላም ብሎ ይቀመጣል? አይቀመጥም። ሕፃኑንም፣ ጥግ የተቀመጠችውንም አሮጊት፣ ሁሉንም ይጨብጣል። ሁለት ደጅ ላይ ቆሞ ካያችሁ፣ ቤት ያለውን ሁሉ በሁለት ያባዛል።» የእኩል ይሆናልን ምልክትማ የሚያህለው አልነበረም። «ያ ምልክት የለቅሶ ቤት ደፍ ነው። የሚሻገረው ቁጥር ነጠላውን ይዘቀዝቃል። ሲደመር ከነበረ ሲቀነስ ይሆናል። ሳይዘቀዝቅ የገባ ቁጥር ነውረኛ ነው።» ልጆቹ ይስቃሉ። እኔም ወዲያ ሆኜ እስቃለሁ፣ ሽሮው ይይዛል፣ ማታ ደግሞ «ዛሬም አረረብሽ» ትለኛለህ።

ሌላም ሕግ ነበረህ። በዚያ ቤት «አላውቅም» ማለት ክልክል ነው። ሲሳይን ታስታውሰዋለህ አይደል? በረኛው ልጅህን። ቁጥር ጠላቱ ነበር። የዕድሜ ጥያቄ ስትሰጠው፣ አባትየው የልጁን ይህን ያህል እጥፍ ነው፣ ከይህን ያህል ዓመት በኋላ ይህን ያህል ይሆናል ስትለው፣ መስኮት መስኮቱን እያየ «አላውቅም አባዬ» ይላል። ጠመኔው ግንባሩ ላይ ነው የሚያርፈው። «አላውቅም የሚባል መልስ የለም! ሞክር፣ ተሳሳት፣ ግን አላውቅም እንዳትል!» አንዴ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ይዞ እኔ ጋ ወደ ጓዳ መጣና፣ «እማዬ፣ አባዬ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ያውቃል፣ እኔም ስንት ዓመቴ እንደሆነ ያውቃል፤ ታዲያ እኔን ለምንድን ነው የሚጠይቀኝ?» አለኝ። እኔም ሳቅኩ። ዛሬ ያ ጥያቄ ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ቆሟል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የተንጠለጠለው። ፈተና ስታወጣ እራት እየበላንም አታቆምም ነበር። «ጥያቄ የሚያወጣ ሰው ከመልሱ ነው የሚነሳው» ትለኛለህ፣ ጉርሻህን በአየር ላይ ይዘህ። «መልሱ ሙሉ ቁጥር ካልወጣ ልጁ የተሳሳተ እየመሰለው ይሰርዘዋል።» አንድ ቀን ዶሮና በግ ያለው ገበሬ ስትፈጥር ዋልክና ዶሮዎቹ ስድስት ተኩል ሆኑብህ። «ተኩል ዶሮ የት አለ?» ብለህ ተናደድክ። «አለ እንጂ፣ ድስት ውስጥ» አልኩህ። ሳቅህ እስኪያስልህ ድረስ ሳቅክ፤ ጀርባህን መታሁልህ። ከዚያ እንባህን ጠርገህ «በቃ አንድ በግ ልጨምርለት፣ ማን ያየኛል» አልክ። ጨመርክለት። ገበሬው አንድ በግ አገኘ፣ አንተም ሰላም አገኘህ፣ እኔም ባሌ እንዴት ያለ አዋቂ ነው ብዬ ተኛሁ።

ያ ሚያዝያ መጣ። ለብሔራዊ ውትድርና የወንድ ልጆች ዕድሜ ይመዝገብ ተብሎ አባወራ ሁሉ ቀበሌ ተጠራ። እኔ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። አንተ ያንን ኮትህን ለብሰህ ሄድክ። ያን ቀን የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ምን እንዳለ አሁን አንድ በአንድ ሰምቻለሁ፤ ካልሰማህ ልንገርህ። ልብስ ሰፊው ጢሙ ደረቱ ላይ የወረደ ልጁን «አሥራ አራት ነው፣ ጢሙን ያበቀለው በበሽታ ነው» አለ። ኑርዬ ስለ ልጁ ስለ ሰዒድ ሲጠየቅ «የተወለደው አንበጣ የመጣ ጊዜ ነው» አለ። «የቱ አንበጣ?» ሲሉት «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንበጣ ስሙን አይናገር» ብሎ ቁጭ አለ። ሰዒድ ዛሬም ሱቁ ውስጥ ነው። ሳሙና ሲሸጥልኝ እጁን አያለሁ፤ ሁለት እጅ፣ አሥር ጣት፣ ንጹሕ። ለዚህ ነው ኑርዬን ሳየው የሚያንገበግበኝ። እሱ ምን አጠፋ? አላውቅም ማለት የሚችል አባት ነው፣ ያ ነው ጥፋቱ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለሲሳይ መጡ። «አሥራ ስምንት ሞልቶታል፣ ተመዝግቧል» አሉ። እኔ አበድኩ። እኔ የወለድኩትን ልጅ ዕድሜ ለኔ ሊነግሩኝ። አሥራ ሰባት ነው አልኳቸው፣ ገና አሥራ ሰባቱንም በቅጡ አልያዘውም። ማንም አልሰማኝም። ሲሳይ ራሱ «ተይ እማዬ፣ ጽፈውታል» አለኝና መኪናው ላይ ወጣ፤ ሹራቡን ገልብጦ ለብሶት ነበር፣ የአንገቱ ስፌት ወደ ውጭ። ተጣርቼ ልነግረው አፌን ስከፍት መኪናው ሄደ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቀበሌውን ጸሐፊ ግርማን የሰደብኩትን ስድብ ታስታውሳለህ። ያንተው ተማሪ የነበረውን ግርማን። በመንገድ ላይ፣ በውሃ ቦኖው ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ። «የሰው ልጅ ዕድሜ በብዕር የምትጨምር፣ ያንተን ከላይ ይቀንሰው» ነው ያልኩት። አንተ አጠገቤ ነበርክ። ነጠላዬን ጎተት እያደረግህ «ተይ፣ ተይ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልተናገርክም። እኔ ፍርሃት መስሎኝ ነበር። ባሌ ቀበሌን ፈራ ብዬ ንቄህ ነበር። ለካ ንቀቱ አንሶሃል።

አንድ ነገር ልብ ብዬ ነበር፣ ግን አልገባኝም ነበር። ሲሳይ ከሄደ በኋላ የዕድሜ ጥያቄ መስጠት አቆምክ። ለልጆቹ ዶሮ ትሰጣለህ፣ በግ ትሰጣለህ፣ ከመርካቶ የሚነሳ አህያና ከእንጦጦ የሚወርድ አህያ የት እንደሚገናኙ ትጠይቃለህ። አባትና ልጅ ግን ከሰሌዳው ጠፉ። አንድ ልጅ መጽሐፉ ላይ አግኝቶ «መምህር፣ ይህን ይሥሩልን» ሲልህ «እሱ ለፈተና አይመጣም» አልከው። ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ ሰማሁ። ቁጥርህ ውስጥ የገባው አጥንት ምን እንደሆነ ግን አላየሁም።

በነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ፣ አንድ እግርህ ካልሲ እንዳደረገ፣ ሌላውን ካልሲ በእጅህ እንደያዝክ ሄድክ። ልብ ነው አሉ። ሁለተኛውን ካልሲ እኔ ነኝ ያደረግኩልህ። እግርህ ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ያን ጊዜ እወድህ ነበር። ይህን እወቅልኝ፤ እስከ ሦስተኛው ቀን ድረስ በሙሉ ልቤ ነው ያለቀስኩልህ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ካርታ እየተጫወቱ ስላንተ ያወራሉ። እንደ ደንቡ ነው፤ ሟች ምን ያህል ጨዋታ አዋቂ እንደነበረ ይነሳል። ግርማም መጣ። ያን ሁሉ ስድብ ጠጥቶ፣ ጥቁር ክራቫት አስሮ መጣ። እኔ ሳህን ይዤ በመካከላቸው አልፋለሁ። እሱ ያወራል፣ ሰው ይስቃል።

«የምዝገባው ዕለት» ይላል፣ «ሁላችንም ከጠዋት ጀምሮ ውሸት ስንጽፍ ውለን ደክሞናል። ጋሼ መጡ። ‹ሲሳይ ስንት ዓመቱ ነው?› አልኳቸው። ‹እርሳስ አንሳ› አሉኝ። ቀበሌ መሆኑን ረስቼ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እርሳስ አነሳሁ። ‹እኔ ዛሬ የልጄን ዕድሜ ሦስት እጥፍ ነኝ። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ግን እጥፉ ብቻ እሆናለሁ። ልጄ ስንት ዓመቱ ነው?› ቢሮው በሙሉ አጎነበሰ። ሊቀመንበሩም ጭምር። ጥበቃው ጠመንጃውን ግድግዳ አስደግፎ በጣቱ ይቆጥራል። መጀመሪያ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ጋሼ ጭንቅላቴን ዳሰስ አድርገው ‹ጎበዝ› አሉኝ። አምስት ዓመት ሲያስተምሩኝ አንድ ቀን ጎበዝ ብለውኝ አያውቁም ነበር።»

ድንኳኑ ሳቀ። አንዱ «ነፍሱን ይማረው» አለ። እኔ ሳህኑን አልጣልኩም። እንደዚያ ያለ ነገር ሲሰማ ሳህን ይወድቃል ይባላል፤ እኔ አጥብቄ ያዝኩት፣ «ነፍሱን ይማረው» ላለው ሰውዬ አቀረብኩለት፣ ጎንበስ ብዬም «በሞቴ ይብሉ» አልኩት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩ።

ሰው ሁሉ ሲበተን ሰሌዳህ ፊት ቆምኩ። ምናልባት ግርማ ተሳስቶ አስልቶ ይሆናል አልኩ። አንተ ትክክል ጠይቀህ፣ እሱ ደደብ ሆኖ። እሱን ተስፋ ነበር የያዝኩት፤ ባሌን ከግርማ ድንቁርና ሥር ልደብቀው። ጠመኔ አነሳሁ። የሲሳይን ዕድሜ ኤክስ አልኩት። ያንተን ሦስት ኤክስ። በሁለታችሁም ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ጨመርኩ። ከዚያ ያንተን ከእሱ እጥፍ ጋር አስተካከልኩ። ሠራሁት፣ ወሰድኩ፣ መለስኩ፣ ነጠላ አዘቀዘቅኩ፤ ዜሮ ወጣ።

ኤክስ እኩል ይሆናል ዜሮ። ልጄ ገና አልተወለደም። ምን ልበልህ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ያልተወለደን ልጅ ማን ይወስደዋል? እዚያው ግድግዳው ሥር ቁጭ ብዬ ዜሮውን ሳየው አመሸሁ፤ ክብ፣ እንደ እርጉዝ ሆድ። በማግስቱ ነው ስህተቴን ያገኘሁት። ሁለቱ ደጅ ቆሞ፣ ልጁን ብቻ ሰላም ብሎ፣ አሥራ ስምንቱን ሳይጨብጥ አልፎታል። ድምፅህ ከመጋረጃው ወዲህ መጣብኝ፣ ቤት ያለውን ሁሉ የሚለው። እንደገና ሠራሁት። አሥራ ስምንቱን እጥፍ አደረግኩ፣ ሠላሳ ስድስት ሆነ፣ አሻገርኩ፣ ቀነስኩ። አሥራ ስምንት ወጣ። ንጹሕ አሥራ ስምንት። ያንተ ሃምሳ አራት። ጥርት ያለ፣ ተኩል የለው፣ ምን የለው።

አንተ ግን ሃምሳ አራት አልነበርክም። ሃምሳ ሦስት ነበርክ። እሱ አሥራ ሰባት። አሥራ ሰባትን ሦስት ጊዜ ብትወስደው ሃምሳ አንድ ነው፣ ሁለት ይተርፋል። በቀበሌው ወንበር ላይ ተቀምጠህ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየህ፣ በልብህ ስታሰላው ያ ሁለት ተረፈብህ። አልወጣ አለህ። ታዲያ ምን አደረግህ? እንደ በጉ አንድ ጨመርክ። ላንተ አንድ፣ ለሱ አንድ። ማን ያየኛል አልክ።

እኔ አየሁህ።

ልትገድለው አልፈለግክም፣ አውቃለሁ። ቢሆንማ ይቀለኝ ነበር፣ ክፉ አባት ነበር ብዬ እገላገላለሁ። አንተ ጥያቄ ልታሳምር ነው የፈለግከው። ውሸት ነውር ስለሆነብህ አላውቅም ማለት አቃተህ፤ ለውበት ሲሆን ግን ዋሸህ። ልብስ ሰፊው ልጁን ለማዳን አራት ዓመት ዋሸ። አንተ መልሱ እንዲያምር አንድ ዓመት ዋሸህ። አንዷ ዓመት በለጠች።

ከዚያ መመላለስ ጀመርኩ። ከቀበሌው በላይ ባለው መሥሪያ ቤት፣ ከፍተኛው፣ የተቀመጠው ሰውዬ «ከዕድሜ በታች መሆኑ ከተረጋገጠ ይመለሳል» አለኝ። ጥቅምት ነበር። ያዋለደችኝን እማማ ተዋቡን ይዤ ሄድኩ። ታውቃታለህ፣ አንድ ዓይኗ የጠፋውን። «በቃና ዘገሊላ ነው» አለቻቸው፣ «የሚካኤል ታቦት ሲመለስ። እልልታው ጩኸቷን ውጦብኝ፣ ልጁ መምጣቱን ያወቅሁት በእጄ ነው።» አስቆጠሯት። ቆጠረች። አሥራ ሰባት ወጣ። ጻፉት። ከዚያ «ሊቀመንበሩ ዘመቻ ወጥተዋል» አሉኝ። ከዚያ «ስብሰባ ነው»። ከዚያ «ማኅተሙ ያለው ሰው ታሟል»። አንዴም «ባልሽ መምህር ነበሩ፣ እሳቸው አሥራ ስምንት ብለው አንቺ ፋብሪካ የምትፈትዪ አሥራ ሰባት ትያለሽ?» አሉኝ። ለዚያ የመለስኩትን እዚህ አልጽፈውም፣ ወረቀቱ ይቃጠላል።

ኅዳር ሄደ፣ ታኅሣሥ ሄደ። ጥምቀት መጣ። ታቦቱ ወረደ፣ በማግስቱ የሚካኤል ተመለሰ። መንገድ ዳር ቆሜ እልል አልኩ፤ የልደቱ ቀን ነው። ምን እያልኩ እልል እንደምል አላሰብኩም።

በሳምንቱ ከፍተኛው ጠራኝ። አዲስ ሰው ነው፣ ወጣት፣ ትሑት፣ ወንበር የሰጠኝ የመጀመሪያው ሰው። «እናቴ፣ ሁሉም ነገር ተሟልቷል» አለኝ። «የልደቱ ቀን ብቻ፣ እንደገና ይንገሩኝ።» በቃና ዘገሊላ አልኩት። «ቃና ዘገሊላ አለፈ አይደል?» አዎ አልኩት። «እንግዲያው ዛሬ ስንት ሞላው?»

የሲሳይ አባት፣ ይህ አፍ ዝም አለ። ከዚያ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቺን በቤትህ የተከለከለች ቃል አወጣኋት። «አላውቅም» አልኩት። ሰውየው ሳቀ፤ በክፋት አይደለም። «እናቴ፣ ይህን ያህል ጊዜ አውቃለሁ እያሉ ሲያስጨንቁን ቆይተው?» አለና አንድ ጨመረበት። እሱም አንድ ጨመረበት። አሥራ ስምንት። «ሕጉን የሚያሟላ ሆኗል፣ እግዜር ይመልስልዎት» ብሎ እስከ በሩ ሸኘኝ።

ያንተ መልስ እውነት ሆነ። ደስ ይበልህ። በሚያዝያ ውሸት የነበረው በጥር ትክክል ሆኖ ተገኘ። አንተ አፈር ሥር ሆነህ እንኳ ፈተናውን አለፍክ።

ቤት ስመለስ ጫማህን አወጣሁት። ልወረውረው ነበር። በዚያ አፋፍ ቁልቁል ብወረውረው ዊንጌት ድረስ ይንከባለላል። ቀለም ቀባሁትና መለስኩት። ልጁ ባዶ እግሩን ይምጣ?

ነጠላዬ እንደተዘቀዘቀ ነው። ሰው ላንተ ይመስለዋል፣ «እንዴት ያለች ባሏን የምትወድ» ይላል። ይበል።

የምረሳህ እንዳይመስልህ። ሌላ ሰው ሟቹን በሻማ ያስባል፤ እኔ አንተን በሰሌዳህ ነው የማስብህ። አንተ ሃምሳ ሦስት ላይ ቆመሃል፤ ከእንግዲህ ማንም አንድ አይጨምርልህም፣ አንተም ብትሆን። ሲሳይ ግን ይሄዳል። በየቃና ዘገሊላው፣ ቢመጣም ቢዘገይም፣ መንገድ ዳር ቆሜ አንድ እጨምርለታለሁ። ትናንት አንድ የዕድሜ ጥያቄ ጻፍኩ፤ በዚህ ቤት ከጠፋ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ልጃችን ስንት ዓመት ሲሞላው ነው ያንተን ግማሽ የሚሆነው? ዕድሜውን ኤክስ አልኩት፣ በስሙ ጠራሁት። እጥፉን ከሃምሳ ሦስት ጋር አስተካክዬ ለሁለት አካፈልኩ።

ሃያ ስድስት ተኩል ወጣ።

አንተ ብትሆን ይሄኔ እሱን ሃያ ሰባት አድርገህ፣ ራስህን ሃምሳ አራት ብለህ፣ ጎበዝ የምትለው ሰው ትፈልግ ነበር። እኔ ጠመኔውን አስቀመጥኩ። ተኩሏ ከቃና ዘገሊላ እስከ ሐምሌ ያለችው ጊዜ ናት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ልጄ ቤት የሚሆንባት። የሱ ናት። እንደወጣች ትቀመጣለች።

የሲሳይ እናት